ለነርስነት ትምህርት ስለ መዘጋጀት፤ በኮሶዬ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር



በዓለ ኢዮቤልዩ የሚከበረው ስላለፈው ዘመን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ዘመን የሚሸከሙት ልጆች እንዴት እንደሚሰናዱ ለመምከርም ነው። ስለዚህ በዛሬው ቀን ከብዙ ጕዳዮች መካከል አንዱ ተመርጧል። ይኸውም ነርስ ለመሆን የሚፈልግ ልጅ፥ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን፥ ወደ ትምህርት ቤቱ ለመግባት ከማመልከቱ በፊት ምን ማዘጋጀት እንደሚገባው ነው። ነገሩ ለሚሰማው ሁሉ የአንድ ወረቀት ጕዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሩቅ ጎጥ በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ ወደ መኪና መንገድ ሲወጣ ያየ፥ ተሸካሚዎቹም ተራ እየተቀባበሉ ሲሮጡ የተመለከተ ሰው፥ ይህ የወረቀት ጕዳይ የነፍስ ጕዳይ እንደ ሆነ ያውቃል።

አሳቡ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንዲት ልጅ ትታሰብ። ይህች ልጅ የአንድ ቤት ልጅ አይደለችም፤ የብዙ ቤቶች ልጆች ምሳሌ ናት። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አክስትዋ በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈስሳት ጎረቤቱ ሁሉ ሲጨነቅ አይታለች። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹ ቃሬዛ ሠሩ፤ ግን ደሙን እንዴት መያዝ እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው በዚያ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ «ነርስ እሆናለሁ» ትላለች። ስለ ምን ብለው ቢጠይቋት «ሰው ሲታመም ስለማዝን ነው» ብላ ትመልሳለች። መልሷ መልካም ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። በዚያች ሌሊት ያላዘነ ሰው አልነበረምና። የጎደለው ኀዘን ሳይሆን እውቀት ነበር። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ሌላውን ግማሽ መፈለግ ነው።

ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የኮሶዬ ስም ራሱ የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፥ ተወቅጦ፥ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ለሆድ ትል መድኃኒት ሲጠጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ መንገደኛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ጎንደር በደረሰ ጊዜ ዛፉንና የመድኃኒቱን ጠባይ ተመልክቶ ኋላ በመጽሐፉ ጽፎታል። በ19ኛው መቶ ዓመትም አበባው ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። ታዲያ የአገር ሽማግሌዎች ኮሶን ለሁሉ በአንድ መጠን አይሰጡም ነበር። ለጎልማሳ የሚሰጠው ለልጅ አይሰጥም፤ ነፍሰ ጡርም ከርሱ ትጠበቃለች። ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ሰውየውን በትውከትና በተቅማጥ ያደክመዋል፤ የዐይንን ብርሃን እንደሚጎዳም ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ለሞት ያደረሰበትም ጊዜ አለ። ዛፉ አንድ፥ አበባውም አንድ ሲሆን፥ ማዳኑና መጉዳቱ የሚለየው በመጠኑ ነው። ዛሬ ለዚሁ ትል ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። ይህም ቢሆን መጠኑ በሰውየው ክብደትና ዕድሜ ይወሰናል።

ነርስ ማለት እንግዲህ የሚያዝን ሰው ብቻ ሳይሆን መጠን የሚጠብቅ ሰው ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ቀድቶ የሚሰጥ፥ የትኩሳቱን ቍጥር፥ የትንፋሹን ብዛት፥ የደሙን ግፊት ለክቶ የሚጽፍ፥ ሌሊት ሁሉ ሲተኛ ነቅቶ ለውጡን የሚያይ እርሱ ነው። በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊም ቢሆን በመንገድ የወደቀውን አይቶ በማልቀስ አልቀረም። ቍስሉን አሰረ፤ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት፤ በገዛ እንስሳው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ በማግሥቱም ሁለት ዲናር ቈጥሮ ለባለ ቤቱ ከሰጠ በኋላ አደራ ብሎ ሄደ። ርኅራኄው በእጁ ሥራና በሒሳቡ ታየ።

ይህ ሙያ በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተጀመረ ማወቅም ለሚዘጋጅ ልጅ ይጠቅማል። በቀድሞ ዘመን የበሽተኛን ገላ ማጠብና እዳሪ ማንሣት የዝቅተኛ ሰው ሥራ ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ይህንን አስተያየት ካስለወጡት አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በጣልያን ወረራ ዘመን ከወላጆቻቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ፥ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ተማሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 የሕፃናት ነርስነት ምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ ቀጥሎም በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸው ከፈተናው አላዳናቸውም፤ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ተፈትነው አለፉ። ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት እንደ ቈዩ፥ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ሰውን ከእንዲህ ያለ ሞት ለማዳን የተማሩት እመቤት በዚያው ሞት መወሰዳቸው እጅግ ያሳዝናል። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ። በ1940ዎቹ ዓመታትም በዋና ከተማው በሆስፒታሎች አጠገብ የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ።

ወደ ኮሶዬ የቀረበው ግን የጎንደሩ ትምህርት ቤት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚሆኑ ሰዎችን ፈጀ። ያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅም የሕዝብ ማለቅ እንደ ሆነ ታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1954፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፥ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ጋር ሆኖ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አቋቋመ። በዚያም ሦስት ዓይነት ሠራተኞች በአንድነት ይማሩ ነበር፤ እነርሱም የጤና መኰንን፥ የማኅበረ ሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ጠባቂ ናቸው። አሳቡ በከተማ ተቀምጦ በሽተኛን መጠበቅ ሳይሆን፥ ሦስቱ ተባብረው ወደ ገጠር ወርደው በሽታን ከመነሻው እንዲከላከሉ ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የነርስነትም ትምህርት በዚያ ይሰጣል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄደው መንገድ በኮሶዬ ስለሚያልፍ፥ የዚህ ሰበካ ልጆች ያንን ታሪክ በደጃቸው ያገኙታል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ይመለሱአል። ካህናት ይህንን ነገር ከማንም ይልቅ ቀርበው ሊረዱት ይችላሉ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማንም ዘልሎ ቅኔ ቤት አይገባም። ፊደል ይቈጥራል፤ ንባብ ያጠናል፤ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ በኋላ ዜማውን፥ ቅኔውን፥ አቋቋሙን እንደ የተሰጥኦው ይከተላል። ዳዊት ሳይደግም የመጣውን ልጅ መምህሩ ቢመልሰው ጨከነ አይባልም፤ ጊዜው አልደረሰም ይባላል እንጂ። የነርስነትም ትምህርት እንዲሁ ደረጃ አለው። የማመልከቻው ቀን የዝግጅቱ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ የትምህርት ዐይነቶች ናቸው። በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስን መንገድ ያልያዘ ተማሪ በኋላ ወደ ጤና ትምህርት መመለስ ይቸግረዋል። በዚህ መንገድ የሚሄደው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የእንግሊዝኛ፥ የሒሳብ፥ የባዮሎጂ፥ የኬሚስትሪ፥ የፊዚክስና የማመዛዘን ችሎታ ፈተና ይቀርብለታል። ፈተናው ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በወረርሽኝና በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ዓመታት የጎደለው ትምህርት ራሱን አይሞላም፤ ተማሪው ወደ 9ኛና ወደ 10ኛ ክፍል መጻሕፍት ተመልሶ የጎደለውን ቦታ መፈለግ ይኖርበታል። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ እስካሁን በነበረው ልማድ በፈተናው ውጤት ይመደባል። የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ከተማረ በኋላም ነርስነትን መርጦ በውጤቱ ይወዳደራል። ስለዚህ ማመልከቻው የሚጻፈው በአንድ ቀን አይደለም፤ በየሳምንቱ በሚሠራው የቤት ሥራ ይጻፋል።

ብዙ ልጆች «በሽተኛ ለመርዳት ሒሳብ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። መልሱ በምሳሌ ይታያል። ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም የሆነ ሕፃን ትኩሳት ይዞት መጣ። ለትኩሳት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 15 ሚሊ ግራም እንዲሆን ታዘዘ። 12 በ15 ሲባዛ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል። በጠርሙሱ ላይ ግን በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለ ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ለሕፃኑ የሚገባው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። አንዲት ነጥብ ተዘንግታ 75 ቢሆን ሕፃኑ ዐሥር እጥፍ ይጠጣል፤ ጕበቱም ይጎዳል። ደግሞ ለአንድ በሽተኛ 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ እንዲገባ ታዘዘ። ቱቦው አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚያፈስ ከሆነ ጠብታው በጠቅላላ 20,000 ነው። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ስለ ሆነ ነርሷ በየደቂቃው 42 ጠብታ ያህል እንዲወርድ አድርጋ ታስተካክላለች። ይህን የምታደርገው በመንፈቀ ሌሊት፥ የሚያለቅሱ ቤተ ሰቦች በአጠገብዋ ቆመው ሳለ ነው። ማባዛትና ማካፈልን በቤትዋ በጸጥታ ያልለመደች በዚያ ሰዓት አትለምድም።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚሰጠው በዚህ ቋንቋ ነው፤ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይም ጽሑፉ በዚሁ ቋንቋ ነው። «በቀን አንድ ጊዜ» እና «በቀን አራት ጊዜ» የሚሉትን መለየት የቋንቋ ኩራት ሳይሆን የሕይወት ጕዳይ ነው። አማርኛንም መናቅ አይገባም። ሐኪሙ በባዕድ ቋንቋ ያዘዘውን ለአንዲት የደጋ እናት በሚገባት ቃል የሚያስረዳት ነርሱ ነውና፥ በሁለቱ መካከል ድልድይ መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ደረጃ ሥራውን አስቀድሞ በዐይን ማየት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተቋቋመው የጤና ኤክስቴንሽን ሥርዓት በገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጓል። ነርስ ለመሆን የሚያስብ ልጅ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ፥ በትሕትና ፈቃድ ጠይቆ፥ ሠራተኞቹ የሚውሉበትን ይመልከት። ነጭ ልብስ ብቻ ሳይሆን ደምን፥ መግልን፥ ትውከትን፥ የሚሳደብ በሽተኛን፥ የተሰለቸ ዘመድን፥ የሌሊት ተራንና ሞትንም ይጠይቅ። አይቶ የፈራ ልጅ አያፍርም፤ ከመማሩ በፊት ማወቁ ትርፍ ነው። አይቶ ደግሞ ተመልሶ ሊያይ የፈለገ ልጅ ጥሪው እውነት መሆኑን ይረዳል። ወንዶች ልጆችም ይህ የሴት ሥራ ነው ብለው እንዳይሸሹ፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እጅግ ብዙ ወንዶች ነርሶች ያገለግላሉ።

መመልከት ሲባል መመዝገብም ይጨመርበታል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የምትባለው እንግሊዛዊት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ለክሪሚያ ጦርነት ቍስለኞች ወደ ስኩታሪ በሄደች ጊዜ፥ መብራት ይዛ በሽተኞችን በመጎብኘቷ ዝናዋ ተነግሯል። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ሥራዋ ግን የሞቱትን ቈጥራ፥ ምክንያቱን ለይታ መጻፏ ነው። ከጥይት ይልቅ ቈሻሻና ተላላፊ በሽታ ብዙ ወታደር እንደ ገደለ በቍጥር አሳየች። እርስዋም ነርስ ልሁን ባለች ጊዜ ቤተ ሰቦችዋ ለክብራችን አይገባም ብለው ብዙ ዓመት ከልክለዋት ነበር። በ1860 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤት አቆመች። በዚህም አገር ከኮሶዬ በስተ ሰሜን በዳባት ወረዳ፥ የጎንደሩ የሕክምና ትምህርት ተቋም ከ1996 ጀምሮ፥ ይህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፥ ልደትን፥ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚያስመዘግብበት ጣቢያ አቋቁሟል። ያልተመዘገበ ሞት ምክንያቱ አይታወቅም፤ ምክንያቱ ያልታወቀም ሞት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው ከአሁኑ ያየውን በቀንና በሰዓት ለይቶ፥ ሳይጨምር ሳይቀንስ የመጻፍ ልማድ ቢይዝ መልካም ዝግጅት አድርጓል ማለት ነው።

ሦስተኛው የወረቀት ዝግጅት ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የደከመበትን ተማሪ በበር ላይ ሊያስቀር ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት፥ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው የትምህርት መዝገብና መታወቂያ በአንድ ስም መጻፍ ይገባቸዋል። በቤት የሚጠራበት አንድ ስም፥ በትምህርት ቤት ሌላ ስም፥ በጥምቀትም ሦስተኛ ስም ያለው ልጅ የትኛው በመንግሥት መዝገብ እንዳለ ቀድሞ ይወቅ። «ኃይለ ማርያም» የሚለው ስም በአንድ ወረቀት ላይ ተያይዞ፥ በሌላው ላይ ተለያይቶ ከተጻፈ «ማርያም» የአባት ስም መስሎ ይታያል፤ ሁለት ሰዎች ናቸው ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም በሁሉ ወረቀት አንድ ዐይነት ይሁን። የልደት ዘመንን ወደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲለውጡ ልዩነቱ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት 7፥ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ 8 መሆኑን አይርሱ። እንዲህ ያለው ስሕተት በሦስት ቀን ውስጥ አይታረምም፤ አንድ ዓመት አስቀድሞ መታየት አለበት። የክርስትና መዝገብ የሚይዙ ካህናትም ቀኑንና ስሙን አጥርተው በመጻፍ ለልጆቹ ትልቅ ርዳታ ያደርጋሉ።

አራተኛው ስለ ገዛ ጤና ማሰብ ነው። ነርስ በመርፌና በደም መካከል ስለሚውል የጕበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ተሐዋሲ ያሰጋዋል። ክትባቱ ለትልልቅ ሰዎች ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፥ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ተማሪው በሕፃንነቱ መከተቡን ይጠይቅ፤ ካልተከተበም ወደ ሆስፒታል ልምምድ ከመግባቱ በፊት ይጀምር። ራሱን ያልጠበቀ አስታማሚ በሁለተኛው ቀን በሽተኛ ይሆናልና።

አምስተኛው የአሳብ ዝግጅት ነው። አንዳንድ ኮሌጆች አመልካቹን ቃል በቃል ይጠይቃሉ፤ ወይም ስለ ምን ሙያውን እንደ መረጠ እንዲጽፍ ያዙታል። በዚያን ጊዜ ከሌላ የተቀዳ ያማረ ቃል አይጠቅምም። ያየውን አንድ ነገር፥ ከዚያ የተማረውን፥ ከዚያም ወዲህ ያደረገውን በአጭሩ ይናገር። ልጅቱ «ስለማዝን ነው» ከማለት ይልቅ «አክስቴ ደም ሲፈስሳት ማንም ምን እንደሚደረግ አላወቀም፤ ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያው ስጠይቅ ከወሊድ በኋላ የሚፈስሰውን ደም ለማቆም መድኃኒትና የማኅፀን ማሸት እንዳለ ተረዳሁ፤ ባዮሎጂንም በዚህ ምክንያት አጠናሁ» ብትል፥ ጠያቂዎቹ በፊታቸው የቆመችው ማን እንደ ሆነች ያውቃሉ።

ምናልባትም በመጀመሪያው ዓመት ያላለፈ ልጅ ተስፋ መቍረጥ አይገባውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያ ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቷል። በጎንደር አጠገብ በጠዳ ያለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅም ከዩኒቨርሲቲ በታች ባለው ደረጃ የጤና ባለ ሙያዎችን ሲያሠለጥን ቈይቷል። የመግቢያው መስፈርት ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚለወጥ፥ ወሬ ከመስማት ይልቅ ማስታወቂያውን ሄዶ ማንበብ ይሻላል። ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስተምር ኮሌጅ የመረጠ ደግሞ፥ አንድ ብር ከመክፈሉ በፊት ኮሌጁም የትምህርቱ ክፍልም የታወቀ ፈቃድ እንዳላቸው ይጠይቅ። ተምሮ መጨረስ ብቻውን አይበቃም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተፈትኗል፤ የጤና ባለ ሙያም የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ሌላ ምዘና ይጠብቀዋል። ያለ ፈቃድ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ በዚያ በር ላይ ይቆማል።

እስካሁን የተነገረው ልጆቹ ሊያደርጉት የሚገባውን ነው። የቀረው የቤተ ሰብና የደብር ድርሻ ነው፤ ይህም ሳይነገር ቢታለፍ ንግግሩ ጎዶሎ ይሆናል። ያችን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተከትሎ ወደ ቤትዋ የሚሄድ ሰው ምን ያያል? ከትምህርት ቤት በእግሯ ተመልሳ ውሃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትሰብራለች፤ ሊጥ ታቦካለች፤ ታናናሾችዋን ታበላለች። መጽሐፍ የምትከፍተው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። በዚያው ቤት ያለው ወንድምዋ ግን ከእራት በፊት ሁለት ሰዓት ያጠናል። ሁለቱ በአንድ ፈተና ይቀመጣሉ፤ ፈተናውም ማን ውሃ እንደ ቀዳ አይጠይቅም። እንግዲህ ልጄ ነርስ ትሁንልኝ የሚል አባት፥ ምኞቱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ከማታው ሥራ ሁለት ሰዓት አንሥቶ ለርስዋ በሰጣት ጊዜ።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ለዚህች ልጅ ሽማግሌ ሊላክ ይችላል። የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ በብዙ መንደር ግን ልጆች ከዚያ በፊት ሲዳሩ ኖረዋል። አባት የሚፈራው አለ፤ ልጄ ቆማ ትቀራለች፥ ስሟ ይጠፋል ይላል። ይህ ፍርሃት በስድብ አይሸነፍም። ምክሩ የሚሰማው የንስሐ አባት ገብቶ «ልጅቱ ፈተናዋን ትጨርስ፤ ዕድሜዋም ይሙላ» ቢል ግን ነገሩ ይለወጣል። ካህናት በዚህ ነገር ላይ ከዳኛ የበለጠ ሥልጣን አላቸው፤ ዳኛ የሚደርሰው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ሲሆን፥ የንስሐ አባት የሚጠየቀው ከመፈጸሙ በፊት ነውና። በካህናት ቤትም ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ጕዳይ አለ። ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል እንዲያገባ ሥርዓቱ ያዝዛል፤ ሥርዓቱ ግን ያልደረሰች ልጅ ትዳር አይልም። ዲያቆኑ ራሱ 18 ዓመት ሞልቷት ትምህርቷን የጨረሰችውን ቢጠብቅ፥ የካህኑ ቤት ለመንደሩ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል። የካህን ሚስት ነርስ ብትሆን ደግሞ ለሰበካው ምንኛ በረከት ነው!

ደብሩም እንደ ደብር ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፥ ማታ ማታ መብራት ያለበት አንድ ክፍል ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቢፈቅድ፥ ሴቶቹ ልጆችም በጊዜ እንዲገቡ አንድ የታመነ ሽማግሌ ቢመድብ። ሁለተኛ፥ በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉት ታላላቆች ለታናናሾቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑ፤ ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቈጥረውን ማስተማሩ የቆየ ልማድ ነውና። ሦስተኛ፥ በጤና ሙያ የተመረቁ የሰበካው ልጆች ለበዓል ሲመጡ ከቅዳሴ በኋላ ተማሪዎቹን ሰብስበው ያዩትን እንዲነግሩ ቢደረግ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ያች ሌሊት ተመልሳ ትመጣለች። መቼ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ግን በአንድ ቤት ውስጥ አንዲት እናት ደም ይፈስሳታል፤ ጎረቤቱም ይሰበሰባል። ሰዎቹ እንደ በፊቱ ያዝናሉ፤ በደጋው ሕዝብ ዘንድ ኀዘን ጠፍቶ አያውቅምና። ከነርሱ መካከል ወደ ፊት አልፋ፥ እጅዋን ታጥባ፥ የምታደርገውን አውቃ የምትንበረከክ አንዲት ልጅ መኖር አለመኖርዋ ግን በዚያች ሌሊት አይወሰንም። የሚወሰነው ዛሬ ማታ ነው፤ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ፥ መብራቱ ለማን እንደሚበራ፥ ለሽማግሌዎቹም ምን መልስ እንደሚሰጥ በሚነገርበት ቤት ውስጥ።

እግዚአብሔር የልጆቹን ድካም ይባርክ፤ ለወላጆችም የመጠበቅን ትዕግሥት ይስጥ። አሜን።